የድሮ ተውኔቶችን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ማስተማር ይቅር ይሆን?

ጥቁር ሰሌዳ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አማርኛ አስተማሪ ነኝ። 11ኛ ክፍል፣ ወሎ ውስጥ ያለች ከተማ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ዛሬ ያጋጠመኝን ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

ተውኔት የምናስተምርበት ምዕራፍ ላይ ደርሰናል። እኔ በየዓመቱ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ አቡነ ጴጥሮስ ከጻፈው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ቀንጭቤ አስነብባለሁ። ዛሬም ያቺኑ ሁለት ገጽ ኮፒ አስደርጌ፣ ለአራት ልጅ አንድ አንድ አድዬ ጀመርኩ። ክፍሉ ውስጥ 68 ተማሪ አለ። ጎበዝ አንባቢ የምለውን ልጅ አስነሳሁት። ሦስተኛው መስመር ላይ ተንተባተበ። አምስተኛው ላይ ከኋላ ሳቅ መጣ። ገጹ ሳያልቅ ግማሹ ዴስኩ ላይ ተደፍቷል፣ ግማሹ ከዴስክ ስር ስልኩን ይነካካል። ጣልያኖች አቡኑን ሊረሽኗቸው ነው። ልጆቹ ያዛጋሉ።

ሲደወል አንዷ ተከትላኝ ወጣችና «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለችኝ። «ትልም፣ ግጭት፣ ገጸ ባሕርይ የሚሉትን አጥኚ» አልኳት። ቤቴ እስክገባ ድረስ ራሴን ስሰድብ ነበር።

የትምህርት ክፍል ተጠሪያችን መፍትሔው ቀላል ነው ይላል። «ትርጓሜዎቹን አስጽፍና ወደ ሰዋስው እለፍ።» እውነቱን ልናገር፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳቡ ደስ አለኝ። የጸጋዬን፣ የመንግሥቱ ለማን፣ የከበደ ሚካኤልን ተውኔት ለነዚህ ልጆች ማስተማር ዛሬም ይጠቅማል? ወይስ እኛ ስለወደድናቸው ነው ልጆቹ ላይ የምንጭነው?

ፊዚክስ ያሸንፋል (ሰኞ ማታ)

መምህር፣ ራስህ መልሰኸዋል እኮ። ተወው።

እንዳትቀየመኝ። እኔም ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ቁጥር እናውራ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በ2015 3.2 በመቶ። ከመቶ ልጅ ሦስት! የቀረው ወይ ሪሚዲያል ወይ ቤቱ። በዚያ ላይ አማርኛ ፈተናው ውስጥ የለም። እንግሊዝኛ አለ፣ ሒሳብ አለ፣ አፕቲትዩድ አለ። ያንተ ሁለት ገጽ ለልጁ ግማሽ ነጥብ አይጨምርለትም።

ጥበብ የሚወድ ልጅ ፈልጎ ያነባል። የማይወደውን 67 ልጅ ግን ምን አደረገህና ነው በአቡነ ጴጥሮስ የምትቀጣው?

መጋረጃ (ሰኞ ሌሊት)

ፊዚክስ፣ አንተን ኋላ እመለስብሃለሁ። መጀመሪያ መምህሩን ላናግር።

ወንድሜ፣ ቲያትር ተምሬ መድረክ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ችግርህ ምን እንደሆነ ልንገርህ? ተውኔቱን እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ነው ያስነበብከው። አንድ ልጅ ቆሞ፣ ወረቀት አፍንጫው ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። በዚያ አነባበብ ሠርግም ለቅሶ ይሆናል። የጸጋዬ ስንኝ ረጅም ነው፣ ቃሉ ከባድ ነው፣ የት እንደሚሰበር ካላወቅከው ይሰብርሃል። እኛ ልምምድ ላይ አንድ ገጽ ለማውጣት ሳምንት ይፈጅብናል። ያንተ ልጅ ያለ ልምምድ፣ 67 ጓደኞቹ ፊት፣ በአንድ ቀን እንዲያወጣው ትጠብቃለህ?

ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ይህችን አገር ቲያትር ያለማመዷት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ዮፍታሔ ንጉሤ አስተማሪ ነበር፤ ተውኔት እየጻፈ ተማሪዎቹን ነበር የሚያስጫውተው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤቱ መላኩ በጎሰውም እንደዚያው። ሴት መድረክ ላይ በማትወጣበት በዚያ ዘመን የሴቷን ቦታ የሚሸፍኑት ወንዶች ነበሩ። ጸጋዬም ቢሆን አምቦ ተማሪ ሳለ ገና በ13 ዓመቱ የጻፈው ተውኔት ንጉሡ ፊት ታይቶለታል። አሁን ልጅ የወለደው ነገር ለልጅ አይሆንም ስንባል ይገርማል።

ፊዚክስ፣ ላንተ አጭር ጥያቄ አለኝ። አማርኛ ፈተናው ውስጥ የለም ብለሃል። ታዲያ 3.3 በመቶውን ያመጣው ጴጥሮስ ነው?

ፊዚክስ ያሸንፋል (ሰኞ ሌሊት)

ሃሃ። እሱስ አይደለም። ግን አላዳነንም።

ቢኒ 12ኛ (ማክሰኞ ጠዋት)

እኔ ተማሪ ነኝ። ስለኛ እያወራችሁ እኛን የጠየቀ ስለሌለ ልግባ።

አዎ፣ ይደብራል። ቲቸር ይቅርታ። ግን የሚደብረው ድሮ ስለሆነ አይደለም። የሚደብረው ቁራጭ ስለሆነ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ላይ መሐል ላይ ይጀምራል፣ መሐል ላይ ያልቃል። ማን ማንን እንደሚጠላ ሳናውቅ «የገጸ ባሕርያቱን ግጭት አብራሩ» ይላል። ሲሪየስሊ፣ አንድ ፊልም ከ40ኛው ደቂቃ እስከ 43ኛው ደቂቃ አይታችሁ አብራሩ ብትባሉ ምን ትላላችሁ?

ባለፈው ዓመት የአርበኞች ቀን ሊደርስ ሲል ግን አንዷ ልጅ ሚኒ ሚዲያ ላይ የጴጥሮስን መነባንብ በቃሏ አቀረበች። እመ ብርሃንን የሚለምንበትን። የእረፍት ሰዓት ነበር፣ ግቢው ገበያ ነው። ስትጀምር ማንም አልሰማትም። መጨረሻ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ራሱ ቆመው ነበር። ልጅቷ ክላስ ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ሁላችንም «ጴጥሮስ» ነው የምንላት።

ያው ቃሉን ሁሉ ገብቶኛል አልልም። ግን ጸጉሬ ቆሟል።

ጥቁር ሰሌዳ (ማክሰኞ ምሳ ሰዓት)

ቢኒ፣ ተባረክ። ስለ ቁራጩ ያልከው ገባኝ። ግን ሙሉውን ከየት ላምጣው? ላይብረሪያችን ውስጥ አንድ ኮፒ የለም። የኔ የምለው ጥራዝ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት ነው፣ ጀርባው ወልቋል።

ጋሼ ሰባ ሁለት (ማክሰኞ ምሽት)

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ስሜ ዕድሜዬ ነው። ልጄ ነው ይህን ነገር ስልኬ ላይ የጫነልኝ።

እኛ ቲያትር የተማርነው ክፍል ውስጥ አይደለም። እሑድ ከሰዓት ሳንቲም አጠራቅመን እንሄድ ነበር። የጸጋዬ «ሀሁ በስድስት ወር» የታየ ጊዜ ሰልፉ ትዝ ይለኛል። አብዮቱ ገና ትኩስ ነው፣ ሰው መድረኩ ላይ የራሱን ሰፈር ንትርክ ነው የሚያየው። ስንወጣ መንገድ ላይ ክርክሩ ይቀጥላል። አንዳንዱ ተጣልቶ ነበር የሚለያየው።

ከዚያም በፊት ቢሆን ቲያትር ሰው ያስፈራ ነበር። ተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ሲያሳዩ አውሬዎቹ ማን እንደሆኑ ሹማምንቱ ገባቸው። ንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። ቲያትር ታገደ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ተውኔት፣ ወዲያው ክልከላ! እናንተ አሁን ያንን ለ«ትልምና ግጭት» መለማመጃ አደረጋችሁት። አውሬ ሲያገሳ ያስደነገጠን ነገር አሁን ቆዳው ተሰፍቶ መደገፊያ ትራስ ሆነ።

ፊዚክስ የተባልከው ልጅ፣ አትቆጣኝ። ለሒሳብም ቢሆን ማንበብ የማይችል ልጅ ጥያቄው አይገባውም።

ፊዚክስ ያሸንፋል (ማክሰኞ ምሽት)

ጋሼ፣ እርስዎን አልከራከርም። አሳደጉን። ግን በእርስዎ ዘመን የሰፈሩ ንትርክ የነበረው ነገር ለዛሬ ልጅ የሰፈሩ ንትርክ አይደለም። የኔም ነጥብ ይኸው ነው። የዛሬውን ንትርክ የሚያሳይ የዛሬ ተውኔት ይማር።

የጂማው (ማክሰኞ ሌሊት)

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ላንሳ። ቤታችን አፋን ኦሮሞ ነው የሚወራው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው። ትምህርት ቤት ጸጋዬን ስናነብ ለኔ ሦስተኛ ቋንቋ ነበር። ግማሹ ግዕዝ፣ ግማሹ ራሱ የፈጠረው። አፍ መፍቻቸው አማርኛ የሆነው ጓደኞቼ «አልገባንም» ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኩል ሆንና!

በኋላ ስሰማ ሰውየው አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደ፣ ኦሮሞ አባት ያለው ነው። ይህን አንድም አስተማሪ ነግሮኝ አያውቅም። ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ጊዜ ሌላ ዓይነት ጆሮ እሰጠው ነበር መሰለኝ። «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የሚለውን ተውኔቱን ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ይማሩ እላለሁ። ግን ልጁ ከየት እንደመጣ ሳታዩ አንድ ዓይነት ወረቀት አትበትኑ።

የአርሊንግተን እናት (ረቡዕ፣ እዚህ ገና ጠዋት ነው)

ከቨርጂኒያ ነኝ። ልጄ 9ኛ ክፍል ናት፤ ሮሚዮና ጁልየት ሰጧቸው። መጀመሪያ ያማረረችው ማማረር! «ማሚ፣ ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም» አለችኝ። የፈረንጅ ልጆችም እንደዚያው ነው የሚሉት፣ እዚያ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ከአገር ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ የከበደ ሚካኤልን «ሮሜዎና ዡልዬት» ይዤ ነበር። ማታ ማታ እኔ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመርን። አማርኛ ማንበብ አትችልም፣ መስማት ግን ትሰማለች። «የእኛ ይሻላል» ብላኝ አረፈች። የትኛው «የእኛ» እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

አስተማሪዋ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ። ወንበር ገፍተው ያነባሉ። የጎራዴው ጠብ ላይ ማስመሪያ ይዘው ይጣላሉ። አንዷ ልጅ ጣቷን ተመታ፣ ደብዳቤ ተላከልን።

ሰሎሜ (ረቡዕ)

ጸጋዬ ላይ ብቻ ለምን እንደምትራኮቱ አይገባኝም። ልጆቹ መሳቅ ከፈለጉ መንግሥቱ ለማ አለ አይደል? «ጠልፎ በኪሴ»ን ስጧቸው።

እማዋይሽ (ረቡዕ)

ሰሎሜ እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ጠለፋ የሚያስቅ ነገር ነው? እኔ ያደግሁበት ቀበሌ ስድስተኛ ክፍል አብራኝ የነበረች ልጅ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ነው የተወሰደችው። ደብተሯን እኔ ነኝ ቤቷ ያደረስኩት። ክፍል ውስጥ ይህን እያነበቡ ወንዶቹ ሲስቁ ሴቶቹ ምን ይሁኑ? ክላሲክ ስለተባለ ብቻ ሁሉ ነገር ለልጅ አይሰጥም።

ሰሎሜ (ረቡዕ)

እማዋይሽ፣ ያልሽው ልቤን ነካው። በቀልድ አላልፈውም።

ግን ተውኔቱ የሚስቀው በማን ላይ ነው? በጠላፊዎቹ ላይ ነው። ተማርን፣ ሠለጠንን የሚሉ የከተማ ጎረምሶች ሚስት በጠለፋ ለማግኘት ሲዶልቱ ነው የምናየው። መንግሥቱ የአለቃ ለማ ልጅ ነው፣ ቅኔ የቆጠረ፣ ለንደን የተማረ። ሁለቱንም ዓለም ከውስጥ ያውቃል። ስለዚህ ማን ላይ እንደሚስቅ ያውቅበታል።

ሕግ ነው ያጠናሁት። እዩት። ተውኔቱ በወጣበት ዘመን በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ1997 በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ሕጉ ወንጀሉን ሠርግ ብሎ ሲያልፈው፣ መድረኩ ቀደም ብሎ ይስቅበት ነበር። ይህን ለ11ኛ ክፍል ልጅ ካላስተማርን ምን እናስተምር?

እማዋይሽ (ረቡዕ ማታ)

ሕጉን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። አሁንም ግን በልቤ አልተቀበልኩትም። አንቺ የምትዪው የሚሆነው ጎበዝ አስተማሪ ሲኖር ነው። መካከለኛ አስተማሪ እጅ ላይ ሲወድቅ ቀልዱ ብቻ ነው የሚተርፈው። እኛ ደግሞ የነበሩን መካከለኞቹ ናቸው።

መጋረጃ (ረቡዕ ማታ)

የእማዋይሽ ነጥብ ዋዛ አይደለም። እኛ ሙያተኞቹም አንዳንዴ ሳቁን ፍለጋ ተጠላፊዋን የምንረሳበት ጊዜ አለ። ሳቅ ሱስ ነው፣ አዳራሹ አንዴ ከሳቀልህ ደግመህ ታስቀዋለህ።

የሪያድ ሌሊት (ሐሙስ ሌሊት 9 ሰዓት)

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ሪያድ የቤት ሥራ ነው የምሠራው። አሁን ነው የጨረስኩት።

10ኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» አንብበውልን ነበር። ራሳቸው ነበሩ የሚያነቡት፣ ድምፃቸውን እየቀያየሩ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የትልቅ ሰው ልጅ የቤት ሠራተኛውን ላግባ ሲል ዘመድ አዝማድ ሲንጫጫ። ክፍሉ በሳቅ ነው ያለቀው። እኔም ስቄያለሁ። ያኔ ሠራተኛ መሆን ለኔ የሌላ ሰው ነገር ነበር፣ እናቴ ዶሮና እንቁላል ሸጣ ብታስተምረኝም እኔ ነርስ ነበርኩ በሐሳቤ።

አሁን እዚህ ማድ ቤት ሆኜ ያቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች። ሁሉም ስለሷ ያወራል። ትመጥነዋለች፣ አትመጥነውም። እሷ ቡና ታቀርባለች። የኔም እመቤት እህቶቿ ሲመጡ ስለኔ እፊቴ ታወራለች፣ ዓረብኛ የማልሰማ እየመሰላት። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ሁሉንም እሰማለሁ።

መምህር፣ ያንን ቢያነቡላቸው ደስ ይለኛል። ከክፍልዎ ስንቷ ልጅ ፓስፖርት ልታወጣ እንዳሰበች አንድ ቀን ይጠይቁ።

ጥቁር ሰሌዳ (ሐሙስ ጠዋት)

እህቴ፣ ያንቺን ከትናንት ማታ ጀምሮ አራት ጊዜ አነበብኩት። ጠየቅኳቸው ዛሬ። እጅ አላስወጣሁም፣ በወረቀት ስም ሳይጽፉ ነው። ከ35 ሴቶች 14ቱ «አስቤያለሁ» ብለዋል።

ሰኞ «ያላቻ ጋብቻ»ን እጀምራለሁ። ተጠሪያችን ያንብብ፣ አያንብብ፣ እንግዲህ።

ፊዚክስ ያሸንፋል (ሐሙስ ጠዋት)

14? በስመ አብ።

በቃ፣ ስንት ክፍለ ጊዜ ትፈልጋለህ? (እየተሸነፍኩ አይደለም።)

ጥቁር ሰሌዳ (ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ)

«ያላቻ ጋብቻ» እንዴት እንደሆነ ሪፖርት ይዤ መጣሁ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ያልተሳካውን። የመጀመሪያው ቀን ዝርክርክ ነበር። መጋረጃ፣ ልምምድ ያስፈልጋል ስላልከኝ በቡድን ከፈልኳቸው፣ በስምንት። ስምንት ቡድን በአንድ ክፍል ውስጥ ባንድ ጊዜ ሲለማመድ ምን እንደሚመስል ገምት። ከጎኔ ያለው ክፍል መምህር ሁለት ጊዜ በር አንኳኳ። የሚያስተምረው ፊዚክስ ነው፣ አጋጣሚ ነው እሺ? ከኋላ ያሉት አምስት ልጆች አንድም ነገር አልሠሩም፤ እስከ መጨረሻውም አልሠሩም። ይህንንም ልንገራችሁ፣ ሁሉም ልጅ ተለወጠ ብል ውሸት ነው።

በሁለተኛው ቀን ክፍሉን ትቼ ወደ ዋርካው ስር አወጣኋቸው። ድምፅ እንደ ልብ ነው። ሦስት ቡድን ብቻ እንዲጫወት፣ ሌሎቹ ተመልካች እንዲሆኑ አደረግሁ። ከዚያ ነው ነገሩ የተነሳው። ዘመዶቹ የሚቃወሙበትን ቦታ የያዙት ልጆች ነፍስ ዘሩበት። አንዱ ወንድ ልጅ አክስት ሆኖ ነጠላውን ሲያጣፋ እኔ ራሴ ወንበር ይዤ ነው የሳቅሁት። ከየት አመጣኸው ብለው «እናቴ ናታ!» አለ። የወንድሙ ጋብቻ ላይ ቤታቸው የተባለውን ነው ለካ ከነቃሉ ያመጣው። ከመንግሥቱ ለማ ጽሑፍ ሊለይ አልቻለም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ያቺ «ፈተና ላይ ይመጣል?» ያለችኝ ልጅ እጇን አወጣች። ሠራተኛዋን ሆና ነበር የተጫወተችው። «ቲቸር፣ ስለኔ ብዙ ይወራል፣ እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ገና ነው» አለች። የራሴን ልጨምር ወይ አለችኝ። ጨምሪ አልኳት። በማግስቱ አንድ ገጽ ጽፋ መጣች። ሠራተኛዋ ማጀት ውስጥ ብቻዋን ሆና የምትለው። ስኒ እያጠበች። ጽሑፉ ፍጹም አይደለም፣ ፊደል ስሕተቱም ብዙ ነው። ግን ስታነበው አልሳቁም። አንድ ቦታ ላይ «ለሱ አልመጥንም ትላላችሁ። እሱ ለኔ መምጠኑን ማን ጠየቀ?» የሚል አለ። ከዚያ ወዲያ ክርክሩን ማቆም አልቻልኩም። ወንዶቹ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ደወሉ ተደውሎ ቆመው ይከራከራሉ። ጋሼ ሰባ ሁለት፣ ያሉት እሑድ ከሰዓት ትዝ አለኝ።

እማዋይሽ፣ አንቺን አልረሳሁም። «ጠልፎ በኪሴ»ን ዘንድሮ አልነካውም። እኔ ከመካከለኞቹ አንዱ ነኝ፣ ገና ነኝ።

ጴጥሮስንም አልተውኩትም። ግን አሁን መጨረሻ ላይ አደረግሁት፣ አፋቸው ከተፈታ በኋላ። አቡኑ የተረሸኑበትን ዕለት ስነግራቸው፣ 22 ሐምሌ 1928፣ አንዱ ልጅ ሐውልታቸው ለባቡሩ ግንባታ ተነስቶ ተመልሶ እንደቆመ ነገረን፣ አዲስ አበባ አጎቱ ጋ ሄዶ አይቷል። እኔ ይህን ጉዳይ ለክፍል አንስቼው አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለማመዱ ሰባት ልጆች አሉኝ አሁን። ሰባት ብቻ።

የሪያድ እህቴ፣ ልጅቷ የጻፈችውን ላንቺ እንድልክ ፈቅዳለች። ትፈልጊያለሽ?

የሪያድ ሌሊት (ቅዳሜ ሌሊት)

እፈልጋለሁ። በጣም። ቴሌግራሜን በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ።

ሙሉ ተውኔቱም ቢኖርዎት ደስ ይለኛል። እኛ መጨረሻውን አልሰማነውም። አስተማሪያችን ሳይጨርሱልን ተቀየሩ።

ጥቁር ሰሌዳ (እሑድ ጠዋት)

ያለኝን ዛሬ ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ። ግን የኔም ጥራዝ ችግር አለበት። ከመጨረሻው አራት ገጽ ጎድሎታል፣ የሸጠልኝ ሰውዬ ሳልቆጥር ነው የሸጠልኝ። እኔም ለልጆቹ በቃሌ ነው የጨረስኩላቸው። ሙሉ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ።

ፊዚክስ ያሸንፋል (እሑድ ጠዋት)

በቃልህ? ይህንን የፊዚክስ መምህር ቢያደርገው ምን ትሉ ነበር?

ጋሼ ሰባ ሁለት (እሑድ ከሰዓት)

እኔ ዘንድ አለ። የያኔውን ነው፣ ሽፋኑ ሳይቀር። ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ፎቶውን ያነሳልኛል። እስከዚያ መነጽሬን ላግኝ።